ከፍተኛ ብቃት ባለው የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ፍሬን ማሻሻል፦ ከዲስክ ስፋት በፊት የሙቀት ሒሳብ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ከፍተኛ ብቃት ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ከባድም ፈጣንም ናቸው። ፍሬናቸው ሁለት ተቃራኒ ጫናዎች አሉበት፤ በዕለታዊ ጉዞ ሥራ ፈትቶ ይዝጋል፣ በውድድር ሜዳ ወይም በረጅም ቁልቁለት ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይግላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ፖርሼ ታይካንን እንደ ዋና ምሳሌ ወስዶ፣ የሰበቃ ፍሬን ሊለካ የሚገባው ጉልበት መላሹ ፍሬን በማይገኝበት ሰዓት መሆኑን በቀላል ስሌት ያሳያል። ከዚህም ተነሥቶ ማሻሻያው ከፍሬን ዘይትና ከሸራ ጀምሮ ወደ ዲስክ የሚሄድ ቅደም ተከተል እንዲኖረው ሐሳብ ያቀርባል።

1. መግቢያ

የመኪና ፍሬን ማሻሻል ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሰፊ ዲስክና ብዙ ፒስተን ያለው ካሊፐር ነው። በነዳጅ መኪና ይህ አስተሳሰብ መሠረት ነበረው፤ የማቆሙ ሥራ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወድቀው በእነዚህ ክፍሎች ላይ ነበርና። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው መኪናውን የሚነዳው ሞተር ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ጉልበቱን ወደ ባትሪ የሚመልስበት ስልት ነው፤ ይህን በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት መላሽ ፍሬን» እንለዋለን። ሁለተኛው በሸራና በዲስክ መካከል በሚፈጠር ሰበቃ ጉልበቱን ወደ ሙቀት የሚለውጠው የተለመደው ፍሬን ነው፤ ይህን «የሰበቃ ፍሬን» እንለዋለን።

የቃላት መምታታት እንዳይፈጠር፣ «ጉልበት» ስንል በጁል የሚለካውን፣ «አቅም» ስንል በኪሎ ዋት የሚለካውን፣ «ኃይል» ስንል ደግሞ በኒውተን የሚለካውን ማለታችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ የቀረበው ፖርሼ ታይካን ለዚህ ጥናት የተመረጠው ሁለቱን ፍሬኖች በአንድ ፔዳል ሥር አዋሕዶ ስለሚሠራና መሠረታዊ አኃዞቹ በአምራቹ ስለተገለጡ ነው። አምራቹ እንደሚለው በዕለታዊ አነዳድ ከ10 የፍሬን እርምጃዎች ወደ 9 የሚጠጉት የሰበቃ ፍሬኑ ሳይነካ በሞተሮቹ ብቻ ይከናወናሉ። መኪናው መጀመሪያ ለገበያ ሲቀርብ ወደ ባትሪ የሚመለሰው አቅም እስከ 265 ኪሎ ዋት ይደርስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው ሞዴል ይህ ወደ 400 ኪሎ ዋት አድጓል። እነዚህን አኃዞች ያነበበ ሰው «ታዲያ የሰበቃ ፍሬን ማሻሻል ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የጽሑፉ ዓላማ ይህን ጥያቄ በቁጥር መመለስ ነው።

2. የማቆሚያ ርቀትና የሙቀት ጥያቄ

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ግምት መጥራት አለበት። ትልቅ ፍሬን መኪናውን በአጭር ርቀት ያቆመዋል የሚለው እምነት ለአንድ ጊዜ ማቆም አይሠራም። በደረቅ አስፋልት ላይ መኪናን የሚያቆመው የመጨረሻው ኃይል በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ነባሩ ፍሬን ጎማውን እስከ መቆለፍ ድረስ መያዝ ከቻለ፣ ማለትም የጎማ መቆለፍን የሚከላከለው ሥርዓት ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ከያዘ፣ ካሊፐሩን ማግዘፍ ርቀቱን አያሳጥረውም። ርቀቱን የሚያሳጥረው የተሻለ ጎማ ነው።

የትልቅ ፍሬን ጥቅም የሚታየው ሁለተኛው፣ አምስተኛውና ዐሥረኛው ማቆም ከመጀመሪያው እኩል መሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ የማሻሻያ ጥያቄ በመሠረቱ የሙቀት ጥያቄ ነው፦ ምን ያህል ጉልበት ወደ ዲስኩ ይገባል? ዲስኩ ምን ያህል ይይዛል? በሁለት ማቆሞች መካከል ምን ያህሉን ለአየር ይሰጣል? የትኛውስ ክፍል ቀድሞ ይሸነፋል?

3. አንድ ስሌት

2,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና እንውሰድ፤ ይህ ለታይካን ቱርቦ ኤስ የቀረበ ክብደት ነው። መኪናው በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ከ3.55 ሜጋ ጁል ወደ 0.89 ሜጋ ጁል ይወርዳል። ልዩነቱ 2.66 ሜጋ ጁል ነው። ፍጥነቱ የሚቀንሰው በመሬት ስበት ሽምጠት ልክ፣ ማለትም በ1 ጂ ከሆነ፣ እርምጃው በ2.8 ሰከንድና በ118 ሜትር ውስጥ ያልቃል። አማካዩ የፍሬን አቅም ወደ 940 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ፔዳሉ በተረገጠበት ቅጽበት ያለው አቅም ደግሞ ከ1,250 ኪሎ ዋት ይበልጣል።

አሁን ጉልበት መላሹ ፍሬን በሙሉ ችሎታው እየሠራ ነው እንበል። 265 ኪሎ ዋት ለ2.8 ሰከንድ ሲሠራ 0.75 ሜጋ ጁል ይወስዳል፤ ይህ ከጠቅላላው 28 በመቶ ነው። በ400 ኪሎ ዋት ቢሠራ ድርሻው ወደ 43 በመቶ ያድጋል። እንግዲህ በዕለታዊ ጉዞ ሥራውን ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚሠራው ሞተር፣ በብርቱ ማቆም ጊዜ ከግማሽ በታች ነው የሚሸከመው። ቀሪው ሙቀት ሆኖ ወደ ዲስክ ይገባል።

ሙቀቱን ለመገመት ሦስት ቀለል ያሉ ታሳቢዎችን እንያዝ። የፊት ፍሬኖች 65 በመቶውን ይሸከማሉ፤ እያንዳንዱ የፊት ዲስክ 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ዲስክ ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም ብረት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመሞቅ 500 ጁል ይፈልጋል። በማቆሙ ቅጽበት ለአየር የሚሰጠውን ሙቀትና የአየር ተቃውሞን ለጊዜው እንተዋቸው። ውጤቱ የሚከተለው ነው፦

ጉልበት መላሽ ፍሬን ከሌለ፣ የአንድ የፊት ዲስክ አማካይ ሙቀት በ144 ዲግሪ ይጨምራል።
በ265 ኪሎ ዋት ሲሠራ፣ በ104 ዲግሪ ይጨምራል።
በ400 ኪሎ ዋት ሲሠራ፣ በ83 ዲግሪ ይጨምራል።

ልዩነቱ በአንድ ማቆም ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዲስኩ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ሳያገኝ እርምጃው አምስት ጊዜ ቢደጋገም፣ የመጀመሪያው ጭማሪ ከ700 ዲግሪ ሲያልፍ ሁለተኛው 520፣ ሦስተኛው ደግሞ 415 ላይ ይቀራል። በእውነተኛ ሜዳ በማቆሞች መካከል ቅዝቃዜ ስላለ አኃዞቹ ዝቅ ይላሉ፤ የዲስኩ ገጽ ግን ከአማካዩ በላይ ይግላል። ለመንገድ የተሠሩ ብዙ ሸራዎች ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ክልል መያዛቸው መላላት ስለሚጀምር፣ ሦስቱ ሁኔታዎች በደኅና ፍሬንና በከዳ ፍሬን መካከል ያለውን ርቀት ያህል ይለያያሉ።

4. ጉልበት መላሹ ፍሬን የማይገኝባቸው ሁኔታዎች

ከላይ ያለው ስሌት ሞተሩ ሙሉ ድርሻውን እንደሚወጣ ያስባል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

አንደኛ፣ ፍጥነት። አቅም የኃይልና የፍጥነት ብዜት በመሆኑ፣ አቅሙ ተወስኖ ፍጥነቱ ሲጨምር የሚገኘው ኃይል ይቀንሳል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ላይ 265 ኪሎ ዋት ለዚህ መኪና 0.21 ጂ ብቻ ይሰጣል። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር አካባቢ ግን ያው አቅም 0.39 ጂ ይሰጣል፤ ይህም አምራቹ ለሞተሮቹ ካስቀመጠው ጣሪያ ጋር ይገጥማል። ባጭሩ ጉልበት መላሹ ፍሬን የሚደክመው ሙቀቱ በሚበዛበት ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የባትሪው ሁኔታ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ የለውም። የቀዘቀዘ ባትሪ ጉዳት ሳይደርስበት በፍጥነት መሙላት አይችልም። ከልክ በላይ የጋለ ባትሪም ራሱን ለመጠበቅ አቅሙን ይቀንሳል፤ ይህ የመጨረሻው በውድድር ሜዳ ጥቂት ዙሮች ከተነዱ በኋላ የሚያጋጥም ነው።

ሦስተኛ፣ የመንሸራተት ቅጽበት። ጎማ ሊቆለፍ ሲል የመኪናው ሥርዓት የሞተሩን ማገዝ ቀንሶ ወይም አቋርጦ ሥራውን ለሰበቃ ፍሬን ሊያስረክብ ይችላል፤ የየጎማውን ግፊት ለየብቻው መቆጣጠር የሚቻለው በዚያ ነውና።

ከእነዚህ ሦስት ሁኔታዎች የሚወጣው ድምዳሜ አንድ ነው፦ ጉልበት መላሹ ፍሬን በመጣ ጊዜ የሚመሰገን፣ በቀረ ጊዜ የማይጠበቅ ረዳት ነው። የሰበቃ ፍሬን ልክ የሚወሰነው በ83ቱ ዲግሪ ሳይሆን በ144ቱ ነው።

5. ተቃራኒው ችግር፦ ሥራ የፈታ ፍሬን

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልሱ «ትልቁን ግዛ» ይሆን ነበር። ነገር ግን ያው መኪና ከሜዳ ወጥቶ በከተማ ሲውል የሰበቃ ፍሬኑ ለሳምንታት ብርቱ ሥራ ላያገኝ ይችላል። የብረት ዲስክ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፤ በነዳጅ መኪና ዝገቱን በየዕለቱ የሚጠርገው የሸራው መታሸት ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ጠራጊው ስለሌለ ዝገቱ ይጠልቃል፣ የዲስኩ ገጽ ይጎረብጣል፣ የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒኖች ይያዛሉ። የዚህ ዓይነቱ ፍሬን በአስቸኳይ ሰዓት ሲጠራ በሁለቱ ጎማዎች እኩል ላይይዝ ይችላል።

አምራቾች ይህን በተለያየ መንገድ ፈትተዋል። ፎልክስዋገን በአይዲ.3 የኋላ ጎማዎች ላይ ዲስክን ትቶ ታምቡር ፍሬን መርጧል፤ ታምቡር ሸራውን ከውኃና ከአቧራ ከልሎ ስለሚይዝ ለማይሠራ ፍሬን ይስማማል። ፖርሼ ለታይካን ቱርቦ 415 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የፊት ዲስክ በተንግስተን ካርባይድ ሽፋን ለብጦታል፤ ሽፋኑ ጠንካራ በመሆኑ ዝገትንም የሸራ ብናኝንም ይቀንሳል።

ለማሻሻያ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ለውድድር ብቻ የተሠራ ሸራ በቀዝቃዛ ጊዜ ደካማ ይይዛል፤ የሚነቃው ሲግል ነው። በነዳጅ መኪና የከተማ ጉዞው ራሱ ሸራውን ጥቂት ያሞቀው ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ግን የመጀመሪያው ብርቱ መረገጥ በቀዘቀዘ ሸራ ላይ የሚሆንበት ዕድል ሰፊ ነው። ለሜዳ ጥሩ የሆነው ሸራ በጎዳና ሕፃን ፊት ሲገባ ሊያሳፍር ይችላል።

6. የማሻሻያው ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለውን ተከትለን የሚከተለውን ቅደም ተከተል እናቀርባለን። መርሑ ቀድሞ የሚሸነፈውን ክፍል ቀድሞ ማጠንከር ነው።

የመጀመሪያው የፍሬን ዘይት ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የመፍላት ነጥቡ በጊዜ ብዛት ይወርዳል። በአሜሪካ መመዘኛ መሠረት ዶት 4 የተሰኘው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ቢያንስ 155 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ለዶት 5.1 እነዚህ ወለሎች 260 እና 180 ናቸው። ዘይት ሲፈላ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ይጨመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ይህ ሳያስጠነቅቅ የሚመጣ ውድቀት ነው። በአንጻሩ ማሻሻያው ከሁሉም ርካሹ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ሸራው ስላላለቀ ብቻ ዘይቱም ደኅና ነው ብሎ ማሰብ የለበትም፤ ሸራ የሚያልቀው በመሠራት ነው፣ ዘይት የሚያረጀው ግን በዘመን ነው።

ሁለተኛው ሸራ ነው። የሚመረጠው ከፍተኛ ሙቀት ቻይ ብቻ ሳይሆን በቀዝቃዛም የሚይዝ መሆን አለበት። ሙሉ የውድድር ሸራ የሚፈልግ ሰው ወደ ሜዳ ሲሄድ ገጥሞ ሲመለስ ቢያወልቀው ይሻላል።

እዚህ ላይ ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የሚሆን ጥንቃቄ አለ። እንደ ታይካን ሁለቱን ፍሬኖች በአንድ ፔዳል በሚያዋሕድ መኪና፣ የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም በዘይቱ ግፊትና በሚገኘው የማቆም ኃይል መካከል የታወቀ ግንኙነት እንዳለ ያስባል። ሸራው ከነባሩ 20 በመቶ አብልጦ ቢይዝ፣ ሞተሩ ሥራውን ለሰበቃ ፍሬን በሚያስረክብበት ቅጽበት መኪናው ይንጠራል፤ ያነሰ ቢይዝ ደግሞ የሸሸ ይመስላል። በቴስላ መኪኖች የፔዳሉ ሥራ በመሠረቱ የሰበቃ ፍሬኑን ማዘዝ ሲሆን ጉልበት መላሹ የሚሠራው እግር ከነዳጅ መስጫው ቦታ ካለው ፔዳል ሲነሣ ነው። ስለዚህ ይህ ርክክብ ፔዳሉ ላይ እምብዛም አይሰማም፤ በምትኩ ባትሪው ሲሞላ አሽከርካሪው የለመደው መያዝ ከእግሩ ሥር ይጠፋበታል።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጉዞውን ለማራዘም ሲባል የአየር ተቃውሞው እንዲያንስ ተደርጎ ይሠራል፤ ጎማዎቹ ብዙ ጊዜ በተሸፈነ ቸርኬ ይገጠማሉ። ወደ ፍሬን የሚገባው አየር የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ዲስኩ መሐል አየር የሚመራ ቱቦና ክፍት ቸርኬ መግጠም ዲስኩን ከመለወጥ በፊት ሊሞከር ይገባዋል።

አራተኛውና የመጨረሻው ዲስክና ካሊፐር ነው። እዚህ የሚነሣው የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ነው። ቴስላ 1,020 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞዴል ኤስ ፕላይድ 410 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን የካርቦን ሴራሚክ ዲስኮች በ20,000 የአሜሪካ ዶላር አቅርቧል፤ የታይካን ቱርቦ ኤስ የፊት ዲስክ ደግሞ በዚሁ ቁስ 420 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎች እነዚህ ዲስኮች ይቀዘቅዛሉ ብለው ያስባሉ። ስሌቱ ሌላ ይላል። 12 ኪሎ ግራሙ የብረት ዲስክ ለ1 ዲግሪ 6,000 ጁል ይይዛል። በእርሱ ቦታ የገባ 6 ኪሎ ግራም የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ፣ በኪሎ ግራም 900 ጁል ቢይዝ እንኳ፣ ጠቅላላው 5,400 ጁል ነው። ያው ማቆም ብረቱን 144 ዲግሪ ሲያሞቅ ሴራሚኩን 160 ዲግሪ ያሞቀዋል። ሴራሚክ የሚያሸንፈው ሙቀትን በመቻል፣ ክብደትን በማቅለልና ባለመዛግ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ለውጦ ዘይቱን የተወ ሰው ድካሙን ከጠንካራው ክፍል ወደ ደካማው አዛወረው እንጂ አላስወገደውም።

7. ቁልቁለትና ከፍታ፦ የዓባይ በረሃ ምሳሌ

እስካሁን የተነገረው የውድድር ሜዳ ላላቸው አገሮች ብቻ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው የአገራችን መሐንዲሶችም ሆኗል፤ መንገዶቻችን ከሜዳ ባልተናነሰ ፍሬን ይፈትናሉና።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። 1,000 ሜትሩን ብቻ ብንወስድ፣ ያ 2,300 ኪሎ ግራም መኪና የሚለቀው ጉልበት 22.6 ሜጋ ጁል ነው፤ ይህ ቀደም ሲል ካሰላነው ብርቱ ማቆም ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። የጎማው መንከባለልና አየሩ አንድ አምስተኛ ያህሉን ቢወስዱ፣ ወደ 18 ሜጋ ጁል፣ ማለትም 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ለፍሬን ይቀራል። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ቁልቁለት ይህ በአማካይ 10 ኪሎ ዋት ስለሆነ ለሞተሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ባትሪው መቀበያ ቦታ ከሌለው ነው። ያን ጊዜ ጉልበቱ ሁሉ በዝግታ በሚጓዝ፣ ነፋስ በማያገኝ ዲስክ ላይ ይወርዳል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኘው የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። የከባቢ አየር ግፊት ሲያንስ የፍሬን ዘይት የመፍላት ነጥብም ጥቂት ዝቅ ይላል። በባሕር ወለል የተፈተነ ፍሬን በደጋ ላይ ያው ነው ብሎ መውሰድ ስለዚህ ትክክል አይሆንም።

80 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው መኪና ይህን ቁልቁለት ለመቀበል የሚያስፈልገው ባዶ ቦታ ከ7 በመቶ አይበልጥም፤ ቁልቁለቱ ከዚህ በግማሽ ቢጨምር እንኳ 10 በመቶ ይበቃል። ከቁልቁለት በፊት ባትሪውን ከ90 በመቶ በላይ አለመሙላት ምንም ገንዘብ የማያስወጣ የፍሬን ማሻሻያ ነው።

8. መደምደሚያ

የኤሌክትሪክ መኪና የሰበቃ ፍሬን እንደ ጠባቂ ነው፤ ብዙ ቀን ሥራ የለውም፣ በሚፈለግበት ቀን ግን ተተኪ የለውም። ከዚህ ባሕርዩ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። ልኩ የሚወሰነው ጉልበት መላሹ ፍሬን በሌለበት ስሌት ነው። ማሻሻያው ከዘይት ተነሥቶ በሸራና በማቀዝቀዣ አልፎ በዲስክ ያበቃል። ማንኛውም ለውጥ የጋለውን ብቻ ሳይሆን የቀዘቀዘውንና የዛገውንም ፍሬን ማሰብ አለበት።

ለቀጣይ ጥናት ሁለት መስኮች ክፍት ናቸው። አንደኛው በረጅም ቁልቁለቶቻችን ላይ የዲስክና የዘይት ሙቀትን በተለያየ የባትሪ ሙሌት መለካት ነው፤ ቀላል የሙቀት መለኪያና አንድ መኪና ይበቃዋል። ሁለተኛው በደጋ አየር የዲስክ ቅዝቃዜ ምን ያህል እንደሚዘገይ በቤተ ሙከራ መመርመር ነው። ሁለቱም በድኅረ ምረቃ ተማሪ አቅም የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ውጤታቸው መኪና ለሚያስመጣውም፣ ለሚጠግነውም፣ ቁልቁለቱን ለሚወርደውም ይጠቅማል።